ሕገ መንግሥቱ ቢለወጥ ለጎንደር ምን ይዞ ይመጣል?

ጎንደር ውስጥ «ይህ ሕገ መንግሥት መለወጥ አለበት» የሚል ሰው ተከራካሪ ለማግኘት ይቸገራል። ፒያሳ ቡና የሚጠጡ ጡረተኞች፣ በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ሕግ የሚማሩ ልጆች፣ ከአዘዞ ጭነት ይዘው የሚወጡ ሾፌሮች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ክርክሩ የሚጀምረው ምን ይተካው ሲባል ነው። አንዱ ብሔርን መሠረት ያደረገው አከላለል ቀርቶ የድሮው ክፍለ ሀገር ይመለስ ይላል። ሌላው ክልሉ ባለበት ይቆይና የመገንጠልን መብት የያዘው አንቀጽ 39 ብቻ ይውጣ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት ካልመጣ የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም ባይ ነው። ለዚህች ከተማ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከሦስቱም ውጭ ያለ ጥያቄ ነው። አሮጌው ሕግ ከተነሣ በኋላ አዲሱ እስኪጸና ድረስ በወሰን፣ በመሬትና በበጀት ላይ የሚነሣውን ክርክር ማን ይዳኛል? ጎንደርን ደጋግሞ የጎዳት ይህ የመሸጋገሪያ ጊዜ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1940ዎቹ ጎንደር ተወልደው ከሰፈራቸው ሳይነቃነቁ የኖሩ አንድ አዛውንት ሣጥናቸውን ከፍተው ወረቀቶቻቸውን ቢዘረጉ፣ የትምህርት ቤት ካርዳቸው በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ይላል። የደርግ ዘመን መታወቂያቸው ጎንደር ክፍለ ሀገር ይላል። የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥት በ1979 ዓ.ም ከጸደቀ በኋላ አገሪቱ በ24 የአስተዳደር አካባቢዎችና በ5 ራስ ገዝ አካባቢዎች ስትከፈል ሰሜን ጎንደር አስተዳደር አካባቢ ሆነ፤ ደቡቡ ደብረ ታቦርን ይዞ ተለየ። ያ ሕገ መንግሥት አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም። በ1984 ክልል 3 መጣ፤ ከዚያ በአማራ ክልል የሰሜን ጎንደር ዞን ተባለ፤ ከ2010 ገደማ ወዲህ ደግሞ ዞኑ ለሦስት ተከፍሎ የከተማዋ ዙሪያ ማዕከላዊ ጎንደር ሆነ። አዛውንቱ ከአንድ ደጃፍ ሳይወጡ ስድስት አድራሻ ቀያይረዋል።

የስም ለውጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት ነበር። ከእያንዳንዱ ስም ጋር መሥሪያ ቤት ተነሥቷል፣ ፋይል ጠፍቷል፣ የይግባኝ ቦታ ተቀይሯል። የጠቅላይ ግዛትና የክፍለ ሀገር መቀመጫ የነበረችው ጎንደር ከ1984 በኋላ ለክልል ጉዳይ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ባሕር ዳር የምትሄድ ከተማ ሆነች። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሌላ ነው። ወልቃይት፣ ሑመራና የጠገዴ ከፊል ወደ ትግራይ የተካለሉት በሽግግሩ ዘመን ነው፤ ክልሎቹን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 7/1984 የወጣው በምርጫ ካልመጣ ምክር ቤት ሲሆን፣ ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ግን ኅዳር 29 ቀን 1987 ነው። ማለትም ዛሬ ድረስ ደም የሚያፋስሰው ወሰን የተሠመረው ከሕገ መንግሥቱ በፊት፣ ሁሉ ነገር ጊዜያዊ በተባለበት ወቅት ነበር። ጊዜያዊ የተባለው ሥራ ቋሚ ሆነ፤ ሕገ መንግሥቱም መጥቶ አጸናው።

አሁን ያለው ሕገ መንግሥት እንዴት እንደሚሻሻል ብዙ ሰው በደንብ የሚያውቅ አይመስለኝም። 106 አንቀጾች አሉት፤ የማሻሻያው መንገድ በ104 እና በ105 ተጽፏል። ሐሳቡ የሚመነጨው ከተወካዮች ምክር ቤት ወይም ከፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ አለዚያም ከክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው ሲደግፉት ነው። ከዚያ ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል። አብዛኛው አንቀጽ የሚሻሻለው ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቁትና ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ ሲቀበሉት ነው። በምዕራፍ ሦስት ያሉትን መብቶች ለመንካት ግን ሁለቱ ምክር ቤቶች በየፊናቸው በሁለት ሦስተኛ ከመስማማታቸው በላይ የሁሉም ክልሎች ምክር ቤቶች፣ አንድም ሳይቀር፣ መቀበል አለባቸው። አንቀጽ 39 ያለው እዚያ ምዕራፍ ውስጥ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለው አንቀጽ 40ም እንዲሁ።

እንግዲህ እናስላው። ክልሎቹ ዛሬ 12 ናቸው። ሲዳማ ኅዳር 2012 በሕዝበ ውሳኔ ወጣ፤ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ተከተለ፤ የቀረው ደቡብ በ2015 ለሁለት ተከፈለ። (የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ዛሬም የሚዘረዝረው ዘጠኝ ክልል ነው። አንድ ፊደል ሳይነካ የአገሪቱ ካርታ መለወጡ፣ ማሻሻያ ማለት የጽሑፍ ለውጥ ብቻ ለሚመስለው ሰው ማስታወሻ ይሁን።) ከ12ቱ አንዱ ምክር ቤት «አልፈልግም» ካለ አንቀጽ 39 ካለበት አይነቃነቅም። ከፕሪቶሪያው ስምምነት ወዲህ በጊዜያዊ አስተዳደር የምትመራው ትግራይ በምርጫ የቆመና ሁሉም ወገን የተቀበለው ምክር ቤት ሳይኖራት «ሁሉም» የሚለው ቃል እንዴት እንደሚሟላም መልስ የለውም። ሕጋዊው መንገድ ይህን ያህል ጠባብ በመሆኑ ብዙ ሰው ወደ አቋራጩ ያያል፤ አዲስ የሽግግር ቻርተር፣ አዲስ ጉባኤ፣ በአንድ አዋጅ አሮጌውን ሽሮ ከሀ መጀመር ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። በአቋራጩ የሄዱ ግን ምን ደረሰባቸው?

መጀመሪያ የራሳችንን እናንሣ። በ1945 የኤርትራ ፌዴሬሽን ሲቆም ኤርትራ የራሷ ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤትና ባንዲራ ነበራት። ያ ሥርዓት ዓመት በዓመት ተሸርሽሮ ኅዳር 1955 ፈረሰና ኤርትራ አንድ ጠቅላይ ግዛት ሆነች። በወረቀት ሲታይ አንድነትን የሚያጠብቅ እርምጃ ነበር። የትጥቅ ትግሉ ግን ከአንድ ዓመት በፊት ተጀምሮ ስለነበር እርምጃው ለታጋዮቹ የማያልቅ ምክንያት ሰጣቸው። ጦርነቱ ሠላሳ ዓመት ፈጀ፤ በ1985 ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። ከጎንደር፣ ከደብረ ታቦር፣ ከደባርቅ ተመልምሎ አስመራና ናቅፋ የቀረውን ወጣት የምታስታውስ እናት ዛሬም አለች።

ሁለተኛው ናይጄሪያ ነው። በእ.ኤ.አ. ግንቦት 1966 ጄኔራል አጉዪ ኢሮንሲ በአዋጅ ቁጥር 34 ክልሎቹን ሽረው አገሪቱን አሐዳዊ አደረጉ። ሐሳባቸው የዘር ፖለቲካን ማስቀረት ነበር። በሰሜኑ ወዲያው ግድያ ተነሣ፤ ራሳቸው በሐምሌ ተገደሉ። ተተኪው ጎዎን ፌዴሬሽኑን ቢመልሱትና በ1967 አገሪቱን በ12 ክፍለ ግዛት ቢያዋቅሩም ቢያፍራ ተገነጠለ፤ እስከ 1970 መጀመሪያ የቆየ ጦርነትም ተከተለ። ከዚህ የምወስደው አሐዳዊ ሥርዓት ክፉ ነው የሚል ድምዳሜ አይደለም። አንድ ወገን ዋስትናዬ ነው የሚለውን ነገር ሳይስማማ በአዋጅ መንጠቅ ጦርነት ይጠራል፤ ዓላማው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን።

ጎንደር ይህን ከራሷ ታሪክም ታውቀዋለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ከዘመነ መሳፍንት በኋላ አገር ለመሰብሰብ ከተነሡበት ለውጥ አንዱ የቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር። በየቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን በቂ ነው፣ የተረፈው መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሰጥ አሉ። ደመወዝተኛ ሠራዊት ለማቆም ገንዘብ ያስፈልግ ስለነበር በአሳብ ደረጃ ትክክል ነበሩ። ካህናቱን ግን አጡ፤ ካህናቱን ሲያጡ ሕዝቡም ሸሻቸው፤ በየአውራጃው ሽፍታ በዛ። በ1859 ጎንደርን የዘረፋትና አብያተ ክርስቲያኖቿን ያቃጠለው የራሳቸው ሠራዊት ነው። ስንወዳቸው ይህን መርሳት የለብንም። ለውጡን የሚሸከም ወገን ሳይያዝ የተጀመረ ለውጥ መጨረሻው መቅደላ ሆነ።

ወደ ወልቃይት ልመለስ። ጎንደር ሰው ስለ ሕገ መንግሥት ሲናገር ብዙ ጊዜ በሆዱ ያለው ወልቃይት ነውና። የማንነት ጥያቄ ኮሚቴው ፊርማ አሰባስቦ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሄድ የሄደው በዚሁ ሕገ መንግሥት መንገድ ነበር። ሐምሌ 5 ቀን 2008 ሌሊት የኮሚቴውን አባል ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ የመጣ ኃይል ጎንደርን በተኩስ አነቃት፤ ሐምሌ 24 መንገዱ በሰው ተሞላ። አንቀጽ 48 የወሰን ክርክር በክልሎቹ ስምምነት ካልተፈታ ፌዴሬሽን ምክር ቤቱ የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት አይቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ይወስን ይላል። ውሳኔ አልመጣም። በ2011 የተቋቋመው 41 አባላት ያሉት የአስተዳደር ወሰንና ማንነት ኮሚሽንም መፍትሔ ሳያመጣ ቀረ። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲጀመር ሕግ ያልወሰነውን ጠመንጃ ወሰነው። በማይካድራ የተጨፈጨፈው ሰው፣ ከዚያም ከወልቃይትና ከሑመራ ተፈናቅሎ ሽሬ መጠለያ ውስጥ የሚኖረው የትግራይ ተወላጅ የዚያ ያልተወሰነ ክርክር ሰለባዎች ናቸው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ደግሞ ጉዳዩን መልሶ «በሕገ መንግሥቱ መሠረት» ይፈታ አለ።

«ወልቃይትም በሕግ ይጽናልን፣ የብሔር ፌዴራሊዝሙም ይፍረስ» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ከአንድ አፍ በአንድ ትንፋሽ ሲወጡ እሰማለሁ። ሁለቱም ከበደል የመነጩ ናቸው፤ አብረው መሄዳቸው ግን በራሱ የሚሆን አይደለም። የወልቃይት ጥያቄ በሕግ ፊት የቆመው በማንነት ላይ ነው። ሕዝቡ አማራ ነው፣ አሰፋፈሩም ፍላጎቱም ይህን ያሳያል የሚለው ክርክር ጉልበት የሚያገኘው ክልል በአሰፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በፈቃድ ይዋቀራል ከሚለው አንቀጽ 46 ነው። ያ አንቀጽ ነገ ከተሰረዘ የትግራይ ወገን ክርክር ብቻ ሳይሆን የጎንደርም ክርክር መሠረቱን ያጣል። አዲሱ አከላለል በመልክዓ ምድር፣ በኢኮኖሚና በአስተዳደር ምቾት ከሆነ፣ ሑመራን ከየትኛው ከተማ ማስተዳደር ይቀላል ወደሚል ስሌት እንገባለን። ስሌቱን የሚሠራው አዲስ አበባ የተቀመጠ ኮሚሽን ይሆናል። የድሮው ክፍለ ሀገር ይመለስ ከተባለም የየትኛው ዓመት? የጎንደር ሰው ተከዜን ወሰን ያደረገውን ካርታ ሲያወጣ ሌላው ሌላ ዓመት ይመርጣል፤ ሱዳን ጠረፍ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ባለጉዳይ አለ።

ኬንያ በ2010 (እ.ኤ.አ.) 47 ካውንቲዎች ስታቋቁም ወሰኑን እንደ አዲስ ለማስመር አልሞከረችም፤ ቀድሞ በ1992 በሕግ የተቀመጡትን ወረዳዎች መነሻ አደረገች። ብልህነቱ የመነሻው ዓመት ከፖለቲካው ግለት በፊት መወሰኑ ነው። በኔፓል ግን የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት አርቃቂ ጉባኤ በፌዴራል ክፍፍሉ ላይ መስማማት አቅቶት በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባዶ እጁን ፈረሰ። በ2015 ሁለተኛው ሲያጸድቅ የደቡቡ ሜዳ ሕዝብ «ተቆራርጠናል» ብሎ ተነሣ። ከ40 በላይ ሰው ሞተ፣ የድንበር መንገድ ተዘግቶ አገሪቱ ለወራት ነዳጅና መድኃኒት አጣች። ጎንደር ከመተማ የሚመጣው መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ታውቃለች።

ስለ መተማ መንገድ ካነሣን የቅማንትን ጉዳይ ማለፍ አይገባም። ጎንደር በሌላው ክልል ላይ የምታቀርበውን ጥያቄ በራሷ ዙሪያ የሚያቀርብባት ወገን አለ። መስከረም 7 ቀን 2010 በስምንት ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ሰባቱ በነበሩበት አስተዳደር ለመቀጠል መረጡ። ምርጫ እንዲህ በሰላም አልፎ ሳለ ጉዳዩ አልተቋጨም፤ በቀጣዮቹ ዓመታት በዚያው መስመር ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። ክልሉ ውስጥ አዊ፣ ዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖችም አሉ። አንቀጽ 39 ይውጣ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የመገንጠልን መብት ነው። ያው አንቀጽ ግን በቋንቋ የመናገርና የመጻፍ፣ ቋንቋን የማሳደግ፣ ራስን የማስተዳደርና በፌዴራል መንግሥት የመወከል መብትንም ይዟል። ለአገው ልጅ በቋንቋው መማር ከየትኛው ዐረፍተ ነገር እንደመጣ ሳይለይ ሙሉውን አንቀጽ መቅደድ፣ በዳር ያለውን ሕዝብ በራሳችን ላይ ማስነሣት ነው። መገንጠሉን ለይቶ ማውጣትና ቀሪውን አጽንቶ ማቆየት ይቻላል፤ እኔ የምደግፈውም ይህን ነው።

የመሬቱ ነገር ከወሰኑ አይለይም። ደምቢያ ያለ ገበሬ እጁ ላይ ያለችው የይዞታ ደብተር የመጠቀም መብት እንጂ ባለቤትነት አትሰጥም። አንቀጽ 40 ተሻሽሎ መሬት ይሸጥ ይለወጥ ቢባል ገበሬው በአንድ ሌሊት ባለሀብት ይሆናል የሚሉ አሉ፤ በአንድ ክፉ ዓመት ሸጦ ከተማ ይገባል የሚሉም አሉ። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ወደ ምዕራብ ሲወርዱ ግን ጥያቄው ይከብዳል። ሰሊጥ የሚዘራበትን ሰፊ መሬት አንዱ በቀድሞው አስተዳደር ወረቀት ይዞታል፣ ሌላው በአሁኑ። መሬት የግል ይሁን የሚል ሕግ በወጣ ማግሥት ባለቤት የሚባለው የትኛው ወረቀት የያዘ ነው? ይህ ሳይመለስ የወጣ የመሬት ሕግ ለሑመራ አዲስ ጦርነት ነው።

ፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት በሚለው ላይ አጭር አስተያየት ልስጥ። አሁን ባለው ሕግ ፕሬዚዳንቱ ከሁለት ዘመን በላይ አይመረጡም፤ ሥልጣኑ ሁሉ በእጃቸው ያለው ጠቅላይ ሚኒስትር ግን የዘመን ገደብ የለባቸውም። ገደቡ ሳይኖር፣ ፍርድ ቤቱም ነጻ ሳይሆን አንድ ሰው በቀጥታ መምረጥ ያለብንን ችግር ያሳድገዋል እንጂ አይፈታውም። እኔን ይልቅ የሚገርመኝ አንቀጽ 54 ነው። ብዙ ድምፅ ያገኘ ሁሉን ይወስዳል የሚለው የምርጫ ሥርዓት በሕገ መንግሥቱ ራሱ ተጽፏል። በዚህ ሥርዓት በ2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ወሰዱ፤ በ2013 ብልጽግና ከ436ቱ 410 ያህሉን ያዘ። አንቀጽ 54 ምዕራፍ ሦስት ውስጥ አይደለም፤ የሁሉንም ክልል ይሁንታ አይጠይቅም። ድምፅ በተመጣጣኝ ወደ ወንበር የሚቀየርበት ሥርዓት ቢገባ ጎንደር ከተማ ውስጥ 30 በመቶ ያገኘ ፓርቲ አዲስ አበባ ድምፅ ይኖረው ነበር። የሚፎከርበት አንቀጽ ስላልሆነ ይመስለኛል ማንም ትኩረት የማይሰጠው።

ከዚህ ሁሉ ጋር የቆጠራው ነገር አለ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ ይደረግ ቢልም ተራዝሞ ቀርቷል። የአማራ ሕዝብ ብዛት ከተተነበየው ከሁለት ሚሊዮን በላይ አንሶ መገኘቱ ምክር ቤት ውስጥ ያስነሣውን ጥያቄ ያስታወሰ፣ አዲስ ሕገ መንግሥት በአሮጌ ቁጥር ላይ ሲቆም ወንበርና ድጎማ እንዴት እንደሚከፋፈል ከወዲሁ መጠየቅ አለበት።

ታዲያ ለውጥ አይሞከር ማለቴ ነው? አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ሥር ነቀል ለውጥ አድርጋለች፤ በሁለት ደረጃ ነው ያደረገችው። በ1993 (እ.ኤ.አ.) ተቀናቃኞቹ በጊዜያዊ ሕገ መንግሥትና በ34 መርሆዎች ተስማሙ፤ ዋናውን የሚጽፈው የተመረጠ ጉባኤ ከእነዚያ መርሆዎች እንዳይወጣ የሚጠብቅ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ቀድሞ ቆመ። ፍርድ ቤቱ በ1996 የመጀመሪያውን ጽሑፍ «መርሆዎቹን አላሟላም» ብሎ መለሰው። የማንዴላ መንግሥትም ተቀበለ፤ ጽሑፉ ታርሞ ጸደቀ። የመንግሥት ሠራተኞች ሥራቸውን እንዳያጡም ለሽግግሩ ዘመን ዋስትና ተሰጥቷቸው ነበር። ዳኛው ከክርክሩ በፊት መቀመጡ ነው ነገሩን ያዳነው።

እኛ ዘንድ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ሲሆን፣ እርሱ ደግሞ የብሔሮች ተወካዮች የሚቀመጡበት የፖለቲካ አካል ነው። ሰኔ 2012 ምርጫው ሲራዘም የተረጎመው እርሱ ነበር፤ ትግራይ አልቀበልም ብላ የራሷን ምርጫ አካሄደች፤ ከሁለት ወር በኋላ ጦርነት ሆነ። ስለዚህ ከየትኛውም አንቀጽ በፊት መለወጥ ያለበት ይህ ነው እላለሁ፦ በዳኞች የሚመራ፣ ሁሉም ወገን የሚቀበለው ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት። አገራዊ ምክክር ኮሚሽኑ በየካቲት 2014 ሥራ ጀምሮ አጀንዳ ሲሰበስብ ቆይቷል፤ በየካቲት 2017ም ጊዜው ተራዝሞለታል። ነገር ግን ከሐምሌ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት ሳይቆም፣ የበለሳና የአርማጭሆ ሰው መንገድ ተከፍቶለት ሳይመጣ፣ ነፍጥ ያነሣውም ጥያቄውን በጠረጴዛ ዙሪያ ሳያቀርብ፣ አንቀጽ 104 የሚጠይቀው የሕዝብ ውይይት ከየአዳራሹ ፎቶግራፍ አያልፍም።

ጎንደር ወደ ምክክሩ ይዛ መግባት ያለባት «ይፈርስ» ወይም «ይቆይ» የሚል መፈክር ሳይሆን የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች ረቂቅ ነው። የወሰን መነሻ ዓመቱ የቱ ነው፣ ክርክር ያለበት መሬት እስኪወሰን አዲስ የባለቤትነት ወረቀት ማንም አይስጥበት፣ የተፈናቀለ ሰው ከየትኛውም ወገን ይሁን ከሕዝበ ውሳኔ በፊት ወደ ቤቱ ይመለስ፣ የወልቃይት ሰው የበጀትና የውክልና መብቱ እስከዚያው በማን በኩል ይከበር፣ የቅማንትና የአገው ሕዝብ ያላቸው መብት እንዳይቀነስ ማን ዋስ ይሁን። እነዚህን የሚጽፉ የሕግ መምህራን ማራኪ ግቢ ውስጥ አሉ፤ የድሮውን ወሰን በቃላቸው የሚያውቁ ሽማግሌዎችም በየሰፈሩ ገና በሕይወት አሉ።